ብረት የትኛውን ውኃ ያጠራል?
ለሰበካ ጉባኤያትና ለአጥቢያ የውኃ ኮሚቴዎች የተዘጋጀ ትምህርት



ባለፈው በጋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሚገኝ አንድ አጥቢያ ማመልከቻ ወደ ክፍላችን ደረሰ። ይዘውት የመጡት የደብሩ አስተዳዳሪና የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ራሳቸው ነበሩ። የማመልከቻው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የአጥቢያው ልጆች ጥርስ እየበለዘ ነው፤ ጎልማሶች ወገባቸውንና ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምክንያቱ የጉድጓዱ ውኃ እንደሆነ ይነገራል። አንድ ነጋዴ በምስማርና በአሸዋ የተሞላ ማጣሪያ አምጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አሳይቶናል፤ ከላይ የተጨመረው ድፍርስ ውኃ ከታች ኩልል ብሎ ሲወርድ ሕዝቡ አይቷል። ስለዚህ ምእመናን በሁለት ዓመት ያዋጡት ገንዘብ ላይ ኮሚሽኑ ጨምሮልን ለ60 አባወራዎች ማጣሪያ እንድንገዛ ይፈቀድልን የሚል ነበር።

ማመልከቻውን ባነበብሁ ጊዜ ደስ አለኝ። በብረት ስለሚሠሩ የባንግላዴሽ ማጣሪያዎች ቀደም ብዬ አንብቤ ስለነበር ሐሳቡ እንግዳ አልሆነብኝም። የድጋፍ ደብዳቤውንም ረቂቅ ጽፌ ጨረስሁ። ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት ግን የውኃ ኬሚስት የሆኑ አንድ ታላቅ የሥራ ባልደረባዬ አንብበው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ዲያቆን፣ ለመሆኑ ውኃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በማመልከቻውም ሆነ በእኔ ረቂቅ ውስጥ የውኃ ምርመራ ውጤት አልተያያዘም። ደብዳቤው ቆመ፤ የውኃው ናሙናም ወደ ላቦራቶሪ ተላከ።

ይህ ትምህርት ከዚያ ጥያቄ የተወለደ ነው። አንባብያን ከዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንዲጨብጡ እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ብረት የተበከለን ውኃ የሚያጠራበት መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ይህ ዘዴ የተሳካበትና ያልተሳካበት ምክንያት ነው፤ ሦስተኛው አንድ አጥቢያ ማጣሪያ ከመግዛቱ በፊት ሊከተለው የሚገባው ቅደም ተከተል ነው።

፩. ንጹሕ መስሎ የመረዘው ውኃ

በብረት የሚሠሩ የቤት ውስጥ ማጣሪያዎች በስፋት የታወቁት በባንግላዴሽ ነው። የዚያች ሀገር ሕዝብ ቀድሞ ይጠጣ የነበረው ከኩሬና ከወንዝ እየቀዳ ነበር። ይህ ውኃ በተቅማጥ በሽታ ብዙ ሕፃናትን ይፈጅ ስለነበር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንግሥትና ለጋሽ ድርጅቶች ሕዝቡ በእጅ ፓምፕ የሚሠሩ የቱቦ ጉድጓዶችን እንዲጠቀም አበረታቱ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ውኃ ጥሩና ቀዝቃዛ ስለነበር ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው። ሥራው የተጀመረው በበጎ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ውኃው አርሴኒክ ይኑርበት አይኑርበት አልተመረመረም ነበር።

አርሴኒክ በተፈጥሮ በድንጋይና በአፈር ውስጥ የሚገኝ መርዛም ንጥረ ነገር ነው። ቀለም፣ ጣዕምም ሆነ ሽታ የለውም። ከሂማልያ ተራሮች በጋንጅስና በብራህማፑትራ ወንዞች ታጥቦ የወረደው ደለል ይህን ንጥረ ነገር ይዞ በባንግላዴሽ ሜዳ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተከማችቷል። ከመሬት በታች ኦክስጅን በሌለበት ሥፍራ በደለሉ ውስጥ ያለው ዝገት ይሟሟል፤ ዝገቱ ይዞት የነበረው አርሴኒክም ተለቆ ወደ ውኃው ይገባል። በባንግላዴሽ ጉድጓዶች ውስጥ አርሴኒክ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምት ከ125 ሚሊዮን የሀገሪቱ ሕዝብ መካከል ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን የሚሆነው ለአደጋው የተጋለጠ መሆኑን አመለከተ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው የአርሴኒክ መመሪያ ልክ በአንድ ሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ እጅግ የሚበልጥ አርሴኒክ ያለበትን ውኃ ለዓመታት የጠጣ ሰው ቆዳው ላይ የዝናብ ጠብታ የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ይሻክራል፤ ከዓመታትም በኋላ ለቆዳ፣ ለፊኛና ለሳንባ ካንሰር ይጋለጣል። በባንግላዴሽ መንደሮች በሽታው ተላላፊ እየመሰለ ታማሚዎች ከጎረቤት ተገልለዋል፤ ነጠብጣብ የወጣባቸው ልጃገረዶች ለጋብቻ ሳይፈለጉ ቀርተዋል፤ ያገቡም ተፈትተው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመልሰዋል። ውኃው ያመጣው ሕመም በሰዎች መካከል ያለውን ፍቅርም አሳምሟል።

ይህን ታሪክ በመጀመሪያ ያነሣነው ለአንድ ምክንያት ነው። ጥሩ የሚመስል ውኃ ሁሉ ጤናማ አይደለም። ዓይን የሚያየው ድፍርሱን ብቻ ነው። አርሴኒክን በማፍላትም ማስወገድ አይቻልም፤ እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲቀንስ መርዙ ይበልጥ ይጠናል።

፪. ዝገት እንዴት መድኃኒት ይሆናል?

አንድ ምስማር በእርጥብ ቦታ ሲቀመጥ እንደሚዝግ ሁላችንም እናውቃለን። ለገበሬውና ለአናጢው ዝገት ጥፋት ነው። ለውኃ ማጣሪያ ግን ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ገና ያልዛገ ብረት ውኃና አየር ሲያገኘው ከላዩ ጥቂት በጥቂት ይሟሟል። የተሟሟው ብረት በውኃው ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ወደ ቡናማ ቅንጣት ይለወጣል፤ ዝገት የምንለው ይህንኑ ነው። አዲስ የተወለደ ዝገት እጅግ የላመና ቀዳዳ የበዛበት ነው። ጥቂት ግራም ብቻ ቢሆንም ቅንጣቶቹ ተዘርግተው ቢለኩ የገጻቸው ስፋት ከትልቅ አዳራሽ ወለል ይበልጣል። አርሴኒክ በዚህ ገጽ ላይ አጥብቆ ይያዛል። በዝገቱ ሂደት ውስጥ ደግሞ ለመያዝ አስቸጋሪ የሆነው የአርሴኒክ ዓይነት በቀላሉ ወደሚያዘው ዓይነት ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ከሥር ያለው አሸዋ አርሴኒክ የያዘውን ዝገት ያስቀረዋል፤ ውኃው ብቻ ወደ ታች ይወርዳል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ በባንግላዴሽ ምድር ውስጥ አርሴኒኩን የለቀቀው የሟሟው ዝገት ነበር። በማጣሪያው ውስጥ ደግሞ አርሴኒኩን መልሶ የሚይዘው አዲስ የሚወለደው ዝገት ነው። ማጣሪያው የሚያደርገው ከመሬት በታች የተፈታውን ከመሬት በላይ እንደገና ማሰር ነው።

ከዚህ ማብራሪያ አራት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ የማይዝግ ብረት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዚንክ የተቀባ ምስማርና «ስቴንለስ» የሚባለው ብረት ስለማይዝጉ አርሴኒክ የሚይዝ ነገር አያፈሩም።

ሁለተኛ፣ ከቶርኖ ቤት የሚገኝ የብረት ፍቅፋቂ ዘይት ስላለበት በደንብ ሳይታጠብ መጠቀም አይገባም።

ሦስተኛ፣ ዝገት አየር ይፈልጋል። ብረቱ አየር እያገኘ በየቀኑ ውኃ ሊያልፍበት ይገባል።

አራተኛ፣ ዝገት ከወጣበት ብረት የበለጠ ሥፍራ ይይዛል። ስለዚህ ብረት ብቻውን በአንድ ንጣፍ ከተደለደለ ከጊዜ በኋላ ተያይዞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውኃም አያሳልፍም።

፫. ከሦስቱ እንስራዎች እስከ ባልዲው

አራተኛው ነጥብ በተግባር የታየው በባንግላዴሽ ነው። በመጀመሪያ በሥራ ላይ ከዋሉት ማጣሪያዎች አንዱ በሀገሬው ቋንቋ «ሦስት ኮልሺ» ይባል ነበር። ሦስት እንስራዎች አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። በላይኛው የብረት ፍቅፋቂና አሸዋ፣ በመካከለኛው አሸዋና ከሰል ይደረጋል፤ የታችኛው የተጣራውን ውኃ ያጠራቅማል። ዋጋው ርካሽ፣ ዕቃውም በየቤቱ የሚገኝ ነበር፤ አርሴኒክንም ይቀንስ ነበር። ይሁን እንጂ ፍቅፋቂው እየተያያዘ ስለጠነከረ ውኃው ቀስ በቀስ መውረዱን አቆመ።

በባንግላዴሽ ኩሽቲያ ከተማ የተወለደውና በአሜሪካ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የሆነው አቡል ሑሳም ይህን ችግር ለመፍታት ዓመታትን አሳለፈ። ሐኪም የሆነው ወንድሙ አቡል ሙኒርም በሥራው አብሮት ነበር። ሑሳም ልቅ የሆነውን ፍቅፋቂ ትቶ በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ፣ ቀዳዳ ያለውና ሳይጠነክር ለዓመታት የሚያገለግል የብረት ድብልቅ ሠራ። «ሶኖ» ተብሎ የተሰየመው ማጣሪያ ሁለት ባልዲዎች አሉት። በላይኛው ባልዲ ሸካራ አሸዋና የብረቱ ድብልቅ፣ በታችኛው አሸዋ፣ ከሰልና የጡብ ስብርባሪ ይገኛል። ኤሌክትሪክም ሆነ ከውጭ የሚገዛ ኬሚካል አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ብሔራዊ የምሕንድስና አካዳሚ ለዚህ ሥራ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሰጠ፤ ሑሳምም አብዛኛውን የሽልማት ገንዘብ ማጣሪያውን ለማዳረስ እንዲውል አደረገ።

በኔፓል ደግሞ «ካንቻን» የተባለ ሌላ ማጣሪያ ተሠራ። ይህኛው በአሸዋ ማጣሪያ ላይ 5 ኪሎ ግራም ያህል ተራ የብረት ምስማር በሰፌድ መሰል ዕቃ ተደርጎ የሚቀመጥበት ነው። በምስማሩ ላይ የጡብ ስብርባሪ ይደረጋል። ምስማሩ ዝገቱን ያፈራል፤ አሸዋው ዝገቱንና ከጀርሞች ብዙውን ክፍል ያስቀራል። የእኛ አጥቢያ ነጋዴ ያሳየው ማጣሪያ ከዚህ ዓይነቱ ጋር የሚመሳሰል ነበር።

ካንቻን በብዙ ቤቶች አገልግሏል። ሆኖም በኔፓልና በካምቦዲያ በተደረጉ ምርመራዎች አንዱ ቤት ውስጥ በሚገባ ሲሠራ ሌላው ቤት ውስጥ አርሴኒኩን ከሚፈለገው ልክ በታች ሳያወርድ ቀርቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ውኃው ከምስማሩ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ማጠሩ ነው። ሌላው በውኃው ውስጥ ያለው ፎስፌት ነው። ፎስፌት ልክ እንደ አርሴኒክ በዝገት ላይ ይያዛል፤ ሲበዛም የአርሴኒኩን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። በተፈጥሮው ብረት የሞላበት የጉድጓድ ውኃ ማጣሪያውን ያግዘዋል፤ ብረት የሌለበትና ፎስፌት የበዛበት ውኃ ግን ያሸንፈዋል። ስለዚህ አንድ ማጣሪያ በአንድ መንደር ተፈትኖ መልካም መሆኑ ለሌላ መንደር ዋስትና አይሆንም።

ሌላም የማይዘነጋ ትምህርት አለ። በባንግላዴሽ ከማጣሪያ ይልቅ ብዙ ሰው ከመርዙ የራቀው ጉድጓድ በመለወጥ ነው። ወደ 5 ሚሊዮን የሚሆኑ ጉድጓዶች ተመርምረው አርሴኒክ የበዛባቸው በቀይ፣ ደኅና የሆኑት በአረንጓዴ ቀለም ተቀቡ። ከቀዩ የሚቀዳው ቤተሰብ ወደ ጎረቤቱ አረንጓዴ ጉድጓድ እንዲሄድ ተመከረ፤ ጥልቅ ጉድጓዶችም ተቆፈሩ። ጎረቤት ጉድጓዱን ለጎረቤት መክፈቱ ከብዙ ባልዲዎች ይልቅ ጠቅሟል።

፬. በከተማና በመሬት ውስጥ የዋለ ብረት

ብረትን ለውኃ ማጣሪያ መጠቀም የዘመናችን ግኝት ብቻ አይደለም። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቤልጂግ ከተማ አንትወርፕ የወንዝ ውኃን ታጣራ የነበረው በብረት ነው። በመጀመሪያ ጉስታቭ ቢሾፍ የሠራው ቀዳዳማ ብረት ከጠጠር ጋር ተቀላቅሎ በማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ተነጠፈ። ይህም እንደ ሦስቱ እንስራዎች ተያይዞ ደነደነ። ከዚያም ዊልያም አንደርሰን የተባለ መሐንዲስ ብረቱን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ አድርጎ ውኃው በመካከሉ እንዲያልፍ አደረገ። ብረቱ ዘወትር ስለሚናወጥ የሚያያዝበት ጊዜ አላገኘም። የእንስራዎቹ ችግር በአንትወርፕ ከመቶ ዓመት በፊት የታየ መሆኑን ስናይ የቀደሙትን ሰዎች ውድቀት ማጥናት ምን ያህል ወጪ እንደሚያድን እንረዳለን።

በ1990ዎቹ ደግሞ ብረት መሬት ውስጥ እንዲቀበር ተደረገ። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ኤልዛቤት ሲቲ በተባለ ሥፍራ ከብረት መለበጫ ሥራ የፈሰሰ መርዛም ክሮሚየም ከመሬት በታች ወደ ወንዝ እየተጓዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በውኃው መንገድ ላይ 46 ሜትር ርዝመትና ከ7 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፍሮ በብረት ቅንጣት ተሞላ። ውኃው በራሱ ፍሰት በብረቱ መካከል ሲያልፍ መርዛማው ክሮሚየም እምብዛም ወደማይሟሟና ጉዳቱ ወደሚያንስ ዓይነት ተለውጦ በዚያው ቀረ። ይህ ዓይነቱ ሥራ የባለሙያና የመንግሥት እንጂ የአጥቢያ ሥራ አይደለም፤ የተጠቀሰውም ብረት የሚሠራበት መንገድ ከአንድ በላይ መሆኑን ለማሳየት ነው።

፭. ብረት የማይችለው፤ የእኛ አጥቢያ ውኃ

አሁን ወደ ማመልከቻው እንመለስ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ አርሴኒኩ ከመመሪያው ልክ በታች ሆኖ ተገኘ። ፍሎራይዱ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ካወጣው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር።

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የፍሎራይድ ችግር የቆየ ነው። የእሳተ ገሞራ ዐለትና የሞቀ የመሬት ውስጥ ውኃ ፍሎራይድን ከድንጋዩ እየፈቱ ወደ ጉድጓዶች ያስገቡታል። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠፈሮች የኖሩ ሠራተኞች ከብዙ ዓመታት በኋላ አጥንታቸው ደርቆ ጀርባቸው እንደጎበጠ ሐኪሞቻችን ከመዘገቡ አሠርት ዓመታት አልፈዋል። ፍሎራይድ ከመመሪያው ልክ ሲያልፍ ጥርስን ያበልዛል፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም በሆነ ውኃ ለረጅም ዘመን ሲጠጣ አጥንትን መጉዳት ይጀምራል፤ ከ10 ሚሊ ግራም ሲበልጥ ሰውን እስከ ማሽመድመድ ሊያደርስ ይችላል። በዚሁ ስምጥ ሸለቆ በአንዳንድ ጉድጓዶች አርሴኒክም ከልክ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ሁለቱንም መመርመር ይገባል።

በምስማር የተሞላው ማጣሪያ ይህን ፍሎራይድ ማስወገድ ይችላልን? አይችልም። ፍሎራይድ እንደ አርሴኒክ በዝገት ላይ አጥብቆ አይያዝም። በተለይም እንደ ስምጥ ሸለቆ ውኃ ሶዳ የበዛበት ከሆነ የሚያዘው መጠን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነጋዴው ያሳየው ድፍርስ ውኃ በእርግጥ ጠርቶ ወርዷል፤ ያጠራው ግን አሸዋው ነው፤ የወጣውም ጭቃው ብቻ ነው። ፍሎራይዱ ሳይታይ እንደገባ ሳይታይ ወጥቷል። ብረት ጨዋማነትንም አያስወግድም። ጀርሞችንም ብቻውን ይገድላል ብሎ መታመን አደገኛ ነው።

ውጤቱን ለመንገር ወደ አጥቢያው በሄድሁ ጊዜ የደብሩ አስተዳዳሪ ወረቀቱን ደጋግመው ካዩ በኋላ፣ «ማጣሪያውን ብንገዛው ኖሮ በቅዳሴ ማግሥት እኔ ራሴ ነበርሁ ንጹሕ ነው ጠጡ የምለው። ሰው በእኛ ቃል ነው የሚጠጣው» አሉኝ። እኔም ረቂቁን ደብዳቤ አሰብሁት። በፊርማ ቢጸድቅ ኖሮ 60 ቤተሰብ ገንዘቡን ከማጣቱም በላይ ዳንን ብሎ ያንኑ ውኃ ያለ ሥጋት ለልጆቹ ማጠጣቱን ይቀጥል ነበር። የማይሠራ ማጣሪያ ከማጣሪያ ማጣት የሚከፋው በዚህ ነው፤ ሌላ መፍትሔ የመፈለግን ሐሳብ ያስተኛል።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዩ ለሕዝቡ በግልጽ ተነገረ። አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ታዲያ ልጆቻችንስ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ለፍሎራይድ የሚሆኑትን መንገዶች ባጭሩ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ፍሎራይዱ ያነሰ ሌላ ምንጭ ወይም ጉድጓድ መፈለግ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የጉድጓዶች ፍሎራይድ እጅግ ይለያያል።

ሁለተኛው የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር በተወሰነበት ምድጃ ተቃጥሎ ሲደቅ ፍሎራይድን ይይዛል። በኬንያ የናኩሩ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት በዚህ ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በእኛ ምእመናን ዘንድ ግን በአጥንት ያለፈ ውኃ በጾም ይጠጣልን የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ለዚህ መልስ የሚሰጡት አባቶች ናቸው። ጥያቄው ሊቀርብላቸው የሚገባው ግን ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ነው፤ ከተገዛ በኋላ ከሆነ ማጣሪያው በየቤቱ ጥግ አቧራ ሲጠጣ ይቀራል።

ሦስተኛው አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ ጨምሮ ውኃውን ማዝቀጥ ነው። ይህ ዘዴ ስሙን ያገኘው ከሕንድ ናልጎንዳ ከተማ ነው። መጠኑን በየቀኑ በትክክል የሚለካ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።

አራተኛው የዝናብ ውኃ ነው። የዝናብ ውኃ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል፤ የቤተ ክርስቲያን የቆርቆሮ ጣሪያም በአጥቢያው ካሉት ጣሪያዎች ሁሉ ሰፊው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ 140,000 ሊትር ይሆናል። ከዚህ አንድ አምስተኛው ቢባክን 112,000 ሊትር ይተርፋል። ይህ መላውን አጥቢያ አያጠጣም። ነገር ግን የቋሚ ጥርስ ሽፋን የሚሠራው እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው። ለአንድ ሕፃን በቀን 3 ሊትር ለመጠጥና ለምግብ ቢመደብ፣ ይህ ውኃ ለ100 ሕፃናት ለዓመት ይበቃል። ዝናብ የሌለባቸውን ስምንት ወራት ለመሻገር ወደ 72,000 ሊትር የሚይዝ የተከደነ ታንከር ያስፈልጋል። አጥቢያው አሁን በዚህ ላይ እየተወያየ ነው።

፮. ኮሚቴው ሊከተለው የሚገባ ቅደም ተከተል

ከዚህ በላይ ከተነገረው በመነሣት ማንኛውም አጥቢያ የውኃ ማጣሪያ ሲቀርብለት የሚከተሉትን በተራ እንዲፈጽም እንመክራለን።

ሀ. በመጀመሪያ ውኃውን አስመርምሩ። ናሙናው በንጹሕ ዕቃ ተቀድቶ፣ የጉድጓዱ ስምና የተቀዳበት ቀን ተጽፎበት ለታወቀ ላቦራቶሪ ይላክ። ቢያንስ ፍሎራይድ፣ አርሴኒክ፣ ናይትሬት፣ ብረትና የጀርም ምርመራ ይካተት። ውጤቱም በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ቤት ይቀመጥ።

ለ. ከማጣሪያ በፊት ሌላ ምንጭ ፈልጉ። ጎረቤት አጥቢያ ደኅና ጉድጓድ ካለው መስመር መዘርጋት ወይም በስምምነት መቅዳት ከማጣሪያ ይልቅ ዘላቂ ሊሆን ይችላል።

ሐ. ማጣሪያው የግድ ከሆነ፣ ለየትኛው ብክለት እንደተሠራ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ። «ሁሉን ያጠራል» የሚል መልስ አትቀበሉ።

መ. በራሳችሁ ውኃ ፈትኑት። አንድ ወይም ሁለት ማጣሪያ ብቻ ተተክሎ የገባውና የወጣው ውኃ ሁለቱም በላቦራቶሪ ይመርመሩ። ምርመራው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሳይሆን ከሦስትና ከስድስት ወር በኋላም ይደገም።

ሠ. ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ተጠቀሙበት። ለአርሴኒክም ሆነ ለፍሎራይድ ሥጋቱ በዋናነት በአፍ የሚገባው ውኃ ነው። ልብስ ለማጠብና ለጽዳት የተጣራ ውኃ ማባከን የማጣሪያውን ዕድሜ ያሳጥራል።

ረ. የጥገና ኃላፊ ሰይሙ። አሸዋውን የሚያጥብ፣ ብረቱን የሚተካ፣ ቀኑን የሚመዘግብ ሰው በስም ተወስኖ ካልተመደበ ማጣሪያው በዓመት ውስጥ ከአገልግሎት ይወጣል። ለጥገናና ለምርመራ የሚሆን ገንዘብም ከመጀመሪያው በበጀቱ ይያዝ።

ሰ. የወጣውን ዝቃጭ በጥንቃቄ አስወግዱ። አርሴኒክ የያዘ ዝገት በጉድጓዱ አጠገብ፣ በጓሮ አትክልት ላይ ወይም በጅረት ውስጥ አይጣል። ከውኃ ምንጭ በራቀ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ጉድጓድ እንዲቀበር የወረዳውን የውኃና የጤና ባለሙያዎች አማክሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችሁ የሚጠጣው ውኃ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው? ውጤቱስ የት ይገኛል?

2. በባንግላዴሽ የቱቦ ጉድጓዶቹን ያስቆፈሩት ሰዎች ሐሳባቸው በጎ ነበር። ያጎደሉት ምን ነበር? በእኛ ፕሮጀክቶች ውስጥ ተመሳሳይ ጉድለት አለን?

3. ምእመናን «ውኃው ደኅና ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? በምን ማስረጃ?

4. የቤተ ክርስቲያናችሁ ጣሪያ ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው? ከላይ በተሰጠው ስሌት በዓመት ስንት ሊትር ሊሰበስብ ይችላል?

ብረት ለተገቢው ውኃ ታላቅ አገልጋይ መሆኑን አይተናል፤ ላልተገቢው ውኃ ሲውል ግን ሰውን እንደሚያዘናጋም ተረድተናል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገን ያች የባልደረባዬ አጭር ጥያቄ ናት። ውኃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ይህን ሳይጠይቅ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ከእኛ ክፍል ከእንግዲህ አይወጣም፤ ከእናንተም የምርመራ ውጤት ያልተያያዘበት ማመልከቻ እንዳይመጣ በትሕትና እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።